ከወንዝ ማዶ ያለው ቤት፦ የሽፍታ ፊልም ለመጻፍ ለተነሳ የመንዝ ልጅ

ጥያቄው ስሞቹ ወጥተውለት ባጭሩ ይህ ነው። «የመንዝ ልጅ ነኝ። የአያቴ አባት በርስት ጠብ ሰው ገድሎ ሸፈተ። ጣሊያን ሲገባ ዱር ውስጥ ስለነበር እዚያው አርበኛ ሆነ። ከነጻነት በኋላ በሽማግሌ ታርቆ አገሩ ገባ። እኛ ቤት ጀግና ነው። ከወንዙ ማዶ ያሉት የሟቹ የልጅ ልጆች ግን ስሙ ሲነሳ ፊታቸው ይለወጣል። የሱን ታሪክ ፊልም ላደርገው አስቤያለሁ። ጀግና ካደረግኩት ወንጀልን ማወደስ አይሆንብኝም? ወንጀለኛ ካደረግኩት ደግሞ ቤተሰቤን መስደብ አይሆንም? እርስዎ ቢሆኑ እንዴት ይጽፉታል?»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስክሪፕት ማረምና ማስተማር እንጀራዬ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። የሽፍታ ታሪክ ብዙ ይደርሰኛል። «ከወንዙ ማዶ ያሉት» የሚል ነገር ጨምሮ የጻፈልኝ ግን አንተ ብቻ ነህ። ሌሎቹ ማዶውን አያዩትም።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርህ። ሰውየው ጀግናም ነበር፣ ነፍስ ያጠፋ ሰውም ነበር። ሁለቱንም ልትጽፈው ትችላለህ። ነገሩ የሚበላሸው ሟቹን እንደ ዕቃ ስትቆጥረው ነው። ጥይት ተተኮሰ፣ አንድ ሰው ወደቀ፣ ካሜራው ገዳዩን ተከትሎ ጫካ ገባ። የወደቀው ሰው ስም የለው፣ ቤት የለው፣ ጥማድ በሬ የለው። ወንጀልን ማወደስ ማለት ይህ ነው። ፉከራው አይደለም፣ ፈረሱም አይደለም።

እኔ ያደግኩት ደብረ ሲና ነው። ቪዲዮ ቤታችን በጭቃ የተመረገች አንዲት ክፍል ነበረች። መስኮቷ በጆንያ ተጋርዷል። አግዳሚ ላይ ተጣብቀን እንቀመጣለን። ከጣርማ በር የሚወርደው ጉም በበሩ ስንጥቅ ይገባል። ፊልሙ የህንድ ይሁን የአሜሪካ ግድ አልነበረንም። አንድ ሕግ ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ አክተሩ አይሞትም። አክተሩ ሲመታ ትንፋሻችን ይቆማል። ሌላው ሲወድቅ እናጨበጭባለን። ስንት ሰው እንደወደቀ ቆጥረን አናውቅም። ያ ሕግ ዛሬም ጭንቅላታችን ውስጥ አለ። ስክሪፕት ስንጽፍ እጃችንን የሚመራው እሱ ነው።

ከቪዲዮ ቤቱ በፊትም ሽለላና ፉከራ ነበረን። «ገዳይ» በፉከራ ሙገሳ ነው፣ በችሎት ክስ ነው። «ሽፍታ» የሚለው ቃልም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። ሌባ ማለት አይደለም። ሌባ ማን እንደሆነ እንዳይታወቅ ይደበቃል። የሸፈተ ሰው ግን ማን እንደሆነና ለምን እንደሸፈተ አገር ያውቃል። ፍርድ ተጓደለብኝ፣ ርስቴን ተነጠቅኩ፣ ሹመቴ ተከለከለ ብሎ ነው ዱር የሚገባው። ታዲያ ዱር ከገባ በኋላ የሚበላው የማንን ነው? የገበሬውን ነው። በጉን ይነዳል፣ ገብሱን ያስፈጫል፣ መንገደኛውን ነጋዴ ያራግፋል። ፊልሞቻችን መሸፈቱን ያሳያሉ። በጉ የተነዳበትን ሰው አያሳዩም።

የቋራውን ካሳን አስበው። ቆላ ወርዶ የሸፈተ ሰው ነው። በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። በቴአትርና በድርሰት እንደሱ የተወደደ ንጉሥ የለም። እኔም እወደዋለሁ። ግን ከጎንደር ሳይሆን ከአንኮበር ሆነህ እየው። በ1848 ዓ.ም. ወደ ሸዋ ዘመተ። ንጉሥ ኃይለመለኮት በዚያው ዘመቻ ወቅት ሞቱ። አንጎለላ ላይ የተወለደው ልጃቸው ምኒልክ ገና በልጅነቱ ተማርኮ ወደ መቅደላ ተወሰደ። አሥር ዓመት ገደማ እዚያ ቆየ። አንድ ፊልም ከቋራ ቢጀምር አገር ሊያቀና የተነሳ ጀግና ታያለህ። ሌላው ፊልም አንኮበር ላይ፣ ልጁ ከአገሩ ሲወሰድ ቢጀምር፣ ያው ሰው በበሩ የሚገባው አስፈሪ እንግዳ ይሆናል። አንዱም ውሸት አልተናገረም።

ለተማሪዎቼ የምሰጠው አንድ ልምምድ አለ። የራስ አበበ አረጋይን ሕይወት ወስዳችሁ ሦስት አጫጭር ፊልም ጻፉ እላቸዋለሁ። የመጀመሪያው የጣሊያን መኮንን የሚጽፈው ነው። በዚያ ውስጥ አበበ በሰሜን ሸዋ ገደል ለገደል እየዞረ የሚይዘው ያጣ «ወንበዴ» ነው። ሁለተኛው የኛ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ያልተንበረከከ አርበኛ ነው። ሦስተኛው የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ነው። መፈንቅለ መንግሥቱን ያነሱት ሰዎች ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ካገቷቸው ባለሥልጣናት ጋር ተኩሰው ገደሉት። ለነሱ የአሮጌው ሥርዓት ሰው ነበር። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ይስቃሉ። ሲጽፉት ግን ዝም ይላሉ። ሰውየው አንድ ነው። የተለወጠው ታሪኩ የተጀመረበትና የቆመበት ቦታ ብቻ ነው።

የበላይ ዘለቀን ደግሞ ከጎኑ አስቀምጠው። ጎጃም ላይ ጣሊያንን ሲያርበደብድ የኖረ አርበኛ ነው። በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት የቀጣው ያው ነጻ የወጣው መንግሥት ነው። ፊልሙን 1933 ላይ ካቆምከው ሕዝቡ በእልልታ ይወጣል። አራት ዓመት ብታስረዝመው አንገቱን ደፍቶ ይወጣል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ከቤትህ ብዙም የማይርቅ ነገር ነው። ሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ዘረት በሚባለው የሰሜን ሸዋ ዋሻ ውስጥ የአርበኞቹ ተከታዮች ተጠልለው ነበር። ቁስለኞች፣ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት አብረዋቸው ነበሩ። የጣሊያን ጦር ዋሻው ላይ የመርዝ ጋዝ ተጠቀመ። የተማረኩትን ወንዶች ረሸነ። የሞቱት በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። በወራሪው ወረቀት ላይ እነዚህ ሰዎች ወንበዴዎችና ዓመፀኞች ናቸው። የሚገርምህ፣ የአካባቢው ሰውም ቦታውን አመፀኛ ዋሻ ይለዋል። እኛ ግን ቃሉን ስንጠራው አንገታችንን ቀና አድርገን ነው። አንድ ስድብ አፍ ሲለውጥ ማዕረግ እንደሚሆን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ዋሻው ውስጥ ስለተደረገው በኢጣሊያ መዛግብት ተደግፎ በስፋት መነገር የጀመረው ግን እ.ኤ.አ. በ2006 አካባቢ ነው። ስልሳ ሰባት ዓመት።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በግንቦት 1929 ዓ.ም.፣ ግራዚያኒ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት አስፈጀ። ከገዳሙ ከተወሰዱት ውስጥ 129 ዲያቆናት የተረሸኑት እንግጫ ላይ ነው፣ ደብረ ብርሃን አጠገብ። የገዳዩ የራሱ ቴሌግራም የሰጠው ቁጥር ነው። ግራዚያኒ ያለበት ትልቅ ፊልም አለ፤ ግን ስለኛ አይደለም። የሊቢያውን አርበኛ ዑመር ሙኽታርን ሕይወት የሚያሳየው፣ አንቶኒ ኩዊን ዑመርን፣ ኦሊቨር ሪድ ግራዚያኒን ሆነው የተጫወቱበት እ.ኤ.አ. የ1981 ፊልም ነው። ሽማግሌው አርበኛ እ.ኤ.አ. መስከረም 1931 በስቅላት የተገደለው እንደ ዓመፀኛ ተከስሶ ነው። ኢጣሊያ ፊልሙን የሠራዊቴን ክብር ይነካል ብላ ከለከለች። በቴሌቪዥኗ የታየው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ገንዘቡን ያወጣው የጋዳፊ መንግሥት እንደነበረም እወቅ፤ ጀግና የሚቀርጸው ሰው የራሱ ጉዳይ ይኖረዋል። ይሁንና ግራዚያኒ በአገሩ የተፈረደበት ከናዚ ጋር በመተባበሩ ነው። በሊቢያም በኢትዮጵያም ለፈጸመው አልተጠየቀም። እ.ኤ.አ. በ2012 አፊሌ የምትባል ከተማ የመታሰቢያ ሐውልት ቤት ሠራችለት። የእንግጫ ዲያቆናትን ፊልም ግን እስከዛሬ አላየሁም። ይህን ስጽፍ ያመኛል። አንተ ወይም ጓደኛህ አንድ ቀን ብትሠሩት ስክሪፕቱን በነጻ ነው የማርምላችሁ።

አሁን ወደ ውጭው ሲኒማ ልውሰድህ፤ መንገዱን ከኛ በፊት ሄደውበታልና። በዓለም የመጀመሪያው ረጅም ፊልም የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1906 አውስትራሊያ የተሠራው የሽፍታው የኔድ ኬሊ ታሪክ ነው። ሰውየው ከተሰቀለ ገና 26 ዓመቱ ነበር። እናቱም በሕይወት ነበረች። ቡድኑ ሦስት ፖሊሶች ገድሏል። ፊልሙ ግን እንደ ጀግና ስላሳየው በአንዳንድ ከተሞች ታገደ። ረጅም ፊልምና ሽፍታ አብረው ነው የተወለዱት ብትል አትሳሳትም።

የአሜሪካኖቹን ቦኒና ክላይድን ሳታውቃቸው አትቀርም። ባንክና ሱቅ ሲዘርፉ ኖረው እ.ኤ.አ. ግንቦት 1934 ሉዊዚያና መንገድ ላይ ደፈጣ ተደርጎባቸው ሞቱ። እሷ 23፣ እሱ 25 ዓመታቸው ነበር። እ.ኤ.አ. የ1967ቱ ፊልም ቆንጆ፣ ወጣትና ነጻ አድርጎ አሳያቸው። በአሠራር ደረጃ ድንቅ ፊልም ነው፤ አስተምርበታለሁ። ግን የያዛቸውን የቴክሳስ ፖሊስ ፍራንክ ሄመርን ማርከው ሲያዋርዱት ያሳያል። እውነቱን ከፈለግህ ሄመር እስከዚያች የደፈጣ ቀን ድረስ ፊት ለፊት አግኝቷቸው አያውቅም። ሚስቱና ልጁ ፊልም ሠሪዎቹን ከሰሱ። በስምምነት አለቀ። ሌላም አለ። ከመሞታቸው ሁለት ወር ሳይሞላ ቴክሳስ ውስጥ ሁለት የትራፊክ ፖሊሶች በቡድኑ ተገደሉ። አንደኛው 22 ዓመቱ ነበር፣ ሠርጉ ደርሶ ነበር። እጮኛው የሠርግ ቀሚሷን ለብሳ ቀብሩ ላይ ተገኘች። ያቺ ልጅ በ1967ቱ ፊልም ውስጥ የለችም።

እሷን አስባት። ለአንድ ደቂቃ ብቻ፣ ያለ አንድ ቃል፣ በነጭ ቀሚስ ቀብር ላይ ብትታይ ያ ፊልም ሌላ ፊልም ይሆን ነበር። የቦኒ ውበት አይቀንስም። የኛ ጭብጨባ ግን ጉሮሯችን ላይ ይቀር ነበር።

«ታዲያ መጨረሻ ላይ ሽፍታው ይሙት፣ ይበቃል» የሚሉህ ይኖራሉ። ይህም ተሞክሯል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1930 የፊልም ደንብ አወጡ። ከ1934 ጀምሮ አጥብቀው ተቆጣጠሩበት። ተመልካቹ ለወንጀለኛው እንዳያዝን ይከለክላል። በ1932 የወጣ አንድ የወንበዴ ፊልም «የአገር ኀፍረት» የሚል ተጨማሪ ርዕስ እንዲለጠፍበት ተደርጓል። ወንበዴው የሚሰቀልበት ሌላ መጨረሻም ተቀርጾለታል። ምን ጠቀመ? ሰው የሚያስታውሰው ሙሉ ልብሱን፣ መኪናውንና መትረየሱን ነው። መቶ ደቂቃ ያማረ ሰው በመጨረሻዋ ደቂቃ ቢሞት ሰማዕት ይሆናል እንጂ ትምህርት አይሆንም።

የምወደውን መፍትሔ ያገኘሁት እ.ኤ.አ. በ1962 ከተሠራ የጣሊያን ፊልም ነው። ፍራንቼስኮ ሮዚ የሲሲሊውን ሽፍታ የሳልቫቶሬ ጁሊያኖን ታሪክ ሠራ። ጁሊያኖ ለመንደሩ ሰው ጀግና ነበር። ቡድኑ ግን እ.ኤ.አ. ግንቦት 1 ቀን 1947 ለሠራተኞች በዓል በወጣ ሕዝብ ላይ ተኩሶ 11 ሰው ገድሏል። ሮዚ ምን አደረገ መሰለህ? ፊልሙን የጀመረው ግቢ ውስጥ በተዘረጋ ሬሳ ነው። ሽፍታው በሕይወት እያለ ፊቱ በደንብ አይታይም። ከሩቅ፣ ነጭ ካፖርት ለብሶ፣ ተራራው ላይ ነው። በቅርብ የምናየው እረኛውን፣ ወታደሩን፣ የምታለቅሰውን እናት፣ ሜዳው ላይ የሚሮጠውን ሕዝብ ነው። ቀረጻውም እዚያው የሽፍታው መንደር፣ ከመንደርተኞቹ ጋር ነው የተደረገው። የመንዝ ተራራ ለዚህ አሠራር የተፈጠረ ይመስለኛል። ቅድመ አያትህ ጓሳው ውስጥ ባናውን ተከናንቦ ከሩቅ ይታይ። ካሜራው ግን ታች፣ ቤቶቹ መካከል ይቁም።

ስለ ባለቤቶቹ ፈቃድም አስብበት። ህንዳዊቷ ፉላን ዴቪ በሽፍትነት ኖራ እጇን የሰጠች፣ በኋላ የፓርላማ አባል የሆነች ሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1994 ስለሷ የተሠራውን ፊልም ሕይወቴን ያለ ፈቃዴ አደባባይ አወጣችሁት ብላ ፍርድ ቤት ወሰደችው። በኛም አገር ሆኗል። «ድፍረት» የተባለው ፊልም በጠለፋ የተወሰደች፣ ጠላፊዋንም የገደለች የአርሲ ልጅን ታሪክ መነሻ አድርጎ ነው የተሠራው። በውጭ ተሸለመ። እ.ኤ.አ. በ2014 አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ተመልካቹ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ግን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቆመ። ባለታሪኳ አልተጠየቅኩም ብላ ነበር። ፊልሙ ስለ ፍትሕ መልካም ነገር ተናግሯል፤ ጠለፋን የተቃወመ ሥራ ነው። ቢሆንም ቁስሉ የሷ ነው። ቁስል ያለበትን ሰው አለመጠየቅ በመልካም ዓላማ አይሸፈንም።

ይህን የምልህ እኔም ስለሳትኩ ነው። ወጣት ሳለሁ ስለ አንድ የመርሐቤቴ ሽፍታ አጭር ድራማ ጻፍኩ። ሟቹን «አንድ ገበሬ» ብዬው አለፍኩ። ከታየ ወር ሳይሞላ አንዲት ትልቅ ሴት አስጠሩኝ። ቤታቸው ሄድኩ። ቡና ተቀርቦ ምንም ሳይናገሩ ከሣጥናቸው ጥቁር ባና አውጥተው ጉልበቴ ላይ ዘረጉልኝ። ደረቱ ላይ የጣት ጫፍ የምታህል ቀዳዳ በነጭ ክር ተጥፋለች። «ጥቁር ሱፍ ጠፍቶ አይደለም» አሉኝ። «እናቴ ለዓይን እንዲታይ ብላ ነው በነጭ የጣፈችው። አባቴ ነው፣ አንድ ገበሬ አይደለም።» ሌላ ነገር አልተናገሩም። ቡናዬን ጠጥቼ፣ ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ስም የሌለው ሟች ያለበት ስክሪፕት ሲመጣልኝ አላልፈውም።

ስለዚህ ያንተን ፊልም እንዴት እንደምጽፈው ልንገርህ። ከተኩሱ አልጀምርም። ከአውጫጭኝ እጀምራለሁ። የአጥቢያው ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ ገዳዩ እስኪወጣ ወደ ቤቱ እንዳይሄድ ተከልክሎ፣ ፀሐዩ እየገፋ፣ ከብቱ ሳይታለብ እየጮኸ። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። እዚያ ዝምታ ውስጥ የሟቹም የገዳዩም ሚስት ተቀምጠዋል። ጥይቱን ሳታሳይ መንደሩን በሙሉ ታሳየናለህ።

የጣሊያኑ ዘመን መሐሉን ይያዝ። አርበኝነቱን አታሳንስ፤ እውነት ነውና ሙሉ ክብሩን ስጠው። አንድ ጥያቄ ግን ቤተሰቦችህን ጠይቅልኝ፦ የሟቹ ወንድሞችስ ያኔ የት ነበሩ? አብረው ዱር ገብተው ከሆነ፣ ደመኛሞች በአንድ ዋሻ አድረው ሊሆን ይችላል። ይህ እውነት ሆኖ ከተገኘ ፊልምህ እዚያ ነው ያለው።

መጨረሻው ደግሞ ደም ማድረቁ ነው። አንተ በግማሽ መስመር «በሽማግሌ ታርቆ» ብለህ ያለፍከው ነገር የፊልሙ ትልቁ ትዕይንት ነው። አምስት ዓመት ጣሊያን ያላስጎነበሰው ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ የሟቹ ደጅ ሲቆም። ካህኑ መስቀል ይዘው፣ ሽማግሌዎቹ ተንበርክከው፣ ካሳው ተቆርጦ፣ መሐላው ሊፈጸም። የሟቹ ሚስት ግን ገና «ይቅር» አላለችም። እዚህ ላይ አትቸኩል። ምን ያህል ጊዜ ዝም እንዳለች ማዶ ያሉት ሰዎች ያውቁ ይሆናል። ሽለላ አታስገባበት። ሙዚቃም አታስገባበት። የአክተሩን ጀግንነት ከፈለግህ፣ ድንጋዩን ተሸክሞ የቆመባትን ያቺን ሰዓት በደንብ አሳይ።

ከመጻፍህ በፊት ግን ወንዙን ተሻገር። ብቻህን አትሂድ፤ ሁለቱንም ቤት የሚያውቅ፣ የተከበረ ሽማግሌ ይዘህ ሂድ። ስክሪፕት ይዘህ አትሂድ፤ ባዶ እጅህን ሂድና የሚሉህን ስማ። ቡናቸውን ጠጣ። እንቢ ካሉህ እንቢታቸውን አክብረህ ተመለስና ለዓመት ተወው። እሺ ካሉህ የጻፍከውን ከማንም በፊት ለነሱ አንብብላቸው። ከቤተሰብህ የሚቆጣ ቢኖር ደብቀህ አትሥራው፤ የቅድመ አያትህን ክብር የሚቀንስ ነገር እንደሌለበት ቁጭ ብለህ አስረዳው። እርቁን የፈጸመው እሱ ራሱ ነው።

ደብዳቤህ ውስጥ የቅድመ አያትህን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የፈረሱን ስም፣ ምንሽሩን ከማን እንደማረከ ሳይቀር ጽፈህልኛል። የሟቹን ስም ግን ፈልጌ አላገኘሁትም። ስትሻገር መጀመሪያ እሱን ጠይቅ። ከዚያ አንድ ገጽ ጻፍና ላክልኝ፤ ጥዋት ተነስቶ በሬዎቹን ሲጠምድ፣ ከመሞቱ አንድ ቀን በፊት።